እንደ ጉርድ ፎቶ አልቆምም

ከጉዞ ተመልሳችሁ ፎቷችሁን ስታዩ «ይሄ ሰው ደግሞ ማነው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዬ አውቃለሁ። ዘመድ ሁሉ «አንቺን ፎቶ አይወድሽም» ይለኝ ስለነበር፣ አምኜ ከካሜራ ስሸሽ ኖሬአለሁ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ከመምህራን ባልደረቦቼ ጋር ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ወጣን። እዚያ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ሁሉም በተራ ፎቶ ተነሳ። አቋቋማቸውን ልብ ብዬ አየሁት፤ እጅ ወደ ታች፣ ትከሻ ቀጥ፣ ትንፋሽ ታፍኖ፣ ልክ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩት እንደዚሁ ነበር። ጥፋቱ የፊቴ አልነበረም ማለት ነው።

ተራዬ ሲደርስ ስልኩን የያዘው የሒሳብ መምህር «ቀጥ በይ እንጂ!» አለኝ።

«አልልም!»

ትከሻዬን ወደ ገደሉ ዘወር አደረግሁ። ክብደቴን በኋለኛው እግሬ ላይ ጥዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ።

«ኧረ እህቴ፣ ፊልም ልትሠሪ ነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ።

«አዎ! አንተ ብቻ ስልኩን ከዓይኔ ትንሽ ከፍ አድርገህ ያዝ።»

ነፋሱ ፀጉሬን በተነው። «አስተካክዪው!» ብለው ጮኹ። አላስተካከልኩም።

ፎቶውን ለእናቴ ስልክላት ወዲያው ደወለች። «ለካ ቆንጆ ነሽ!»

«ለካ?» አልኳት።

እናንተም በሚቀጥለው ጉዟችሁ «ቀጥ በሉ» ሲሏችሁ እምቢ በሉ። ትከሻችሁን ዘወር፣ ትንፋሻችሁን ለቀቅ አድርጉና እስኪ ሞክሩት።