ገርባ በሸንጎ ፊት ስለ ፈረሱ የተናገረው

ቃ! ቃ! ቃ! በእነዚያ ዓመታት፣ ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ በላይ ባለው ቀበሌ፣ ግራሩ ላይ የተንጠለጠለው የሐዲድ ቁራጭ እሑድ ጠዋት ሲመታ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ያላዝን ነበር። ብረቱ ለስብሰባ ነው የሚመታው፤ የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል።

ብረቱን የሚመቱት ጋሽ ሐዲስ ነበሩ። ከባቡር ጣቢያ ጸሐፊነት ጡረታ እንደወጡ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመና «የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል» ተብለው የፍርድ ሸንጎው ጸሐፊ ሆኑ። ቤት ለቤት እየዞሩ ደንብ ማስከበሩም በእርሳቸው ላይ ወደቀ። ጠባያቸው ግን ለዚህ አልተፈጠረም። ደንብ የጣሰ ሰው ቤት ሲሄዱ፣ ባለቤቱ ጥፋቱን እስኪሸሽግ ብለው ከመንገዱ ጥግ ጀምረው ያስሉ ነበር። «የጋሽ ሐዲስ ሳል ፍየል አልጋ ሥር ታስገባለች» እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

ፈረስ ግን አልጋ ሥር አይገባም። ያስቸገራቸውም የገርባ ፈረስ ነው።

ገርባ ጋሪ ነጂ ነበር። ዳማ የሚለው ፈረሱ አርጅቶ፣ አንድ እግሩም አብጦ መሳብ አቃተው። በከተማው የጋሪ ፈረስ ሲያረጅ ወደ ወለንጪቲ መንገድ ይነዳና ይለቀቃል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ሁሉም ያደርገዋል፣ ማንም አያወራውም። ገርባ ግን ዳማን አምጥቶ ስድስት አባወራ በሚኖርበት የቀበሌ ግቢ፣ በራፉ ላይ አሰረው። ደንቡ በጋራ ግቢ የጋማ ከብት ማኖርን ይከለክላል፤ መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ሸንጎ ነው። የግቢው ጎረቤት ወይዘሮ አሰለፈች ከሰሱት፤ «ዝንቡ ከልጄ አፍ አልነሣ አለ» ብለው። እውነታቸውን ነበር።

ጋሽ ሐዲስ ማስጠንቀቂያውን ይዘው ሲደርሱ፣ ገርባ የፈረሱን እግር በሞቀ ውሃ ያጥባል።

«አንተ ሰው፣ ሸንጎ ከቀረብክ እኮ በሦስት ቀን ከከተማ ይውጣ ነው የሚሉህ!»

«ወዴት ይውጣ ጋሼ? ጅቡ ዘንድ?»

«እንግዲያው እሑድ ተነሥና ግለ ሂስ አድርግ። ጥፋትህን ካመንክ ምናልባት ይራሩ ይሆናል።»

«ሁሉን ልናገር?»

«ሁሉን እንጂ!»

እሑድ ገርባ በቀበሌው አዳራሽ፣ በሸንጎው ፊት ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። ሌላው ሰው ግለ ሂስ ሲያደርግ መፈክር ያሰማል፣ «ንቃቴ ዝቅተኛ ነበር» ይልና ይቀመጣል። ገርባ ግን ነገሩን እንደ ንስሐ ነው የወሰደው።

«በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሦስት ኩንታል ሽንኩርት ጭኜበት ዳገት ላይ ወደቀ። እስኪነሣ ገረፍኩት። አጥፍቻለሁ። ሚስቴ የሞተች ሰሞን ጠጥቼ ጋሪው ላይ ተኛሁ፤ ብቻውን ቤቴ አደረሰኝ። እኔ ውሃ እንኳ ሳላጠጣው በማግስቱ ሥራ አወጣሁት። አጥፍቻለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። «ጓድ ገርባ፣ የተከሰስከው በዚህ አይደለም፤ ይበቃል» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ገና ስልሳ አምስት ላይ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ጋሽ ሐዲስ አንገታቸውን ደፉ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አሉ በልባቸው፤ ፈረሱን ያስገደሉት እርሳቸው መሰላቸው።

«በሰባ ዓመተ ምሕረት» አለ ገርባ፣ «ወይዘሮ አሰለፈችን ምጥ ይዟቸው ሐኪም ቤት ሳደርስ፣ እንዳይዘገዩብኝ ብዬ እያየሁ ድንጋይ ላይ ነዳሁት። እግሩ የተጎዳው ያን ቀን ነው። ቀስ ብዬ ብነዳው ኖሮ ዛሬም ደህና ነበር። አጥፍቻለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች የሁለት ዓመት ልጃቸውን ታቅፈው መሬት መሬቱን ያያሉ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ አሰለፈች፣ ክስዎን ያጸናሉ? ካላጸኑ መዝገቡ ይዘጋል፤ ፈረሱም ባለበት ይቆያል።»

ጋሽ ሐዲስ ብዕራቸውን አንሥተው ጠበቁ። ወይዘሮ አሰለፈች ልጁን በጀርባቸው አዘሉ፣ ነጠላቸውን አጣፉና ማንንም ደህና ዋሉ ሳይሉ ከአዳራሹ ወጡ።