«እሺ» ያልኩባቸው ምሽቶች

ልጅ ሳለሁ እንቅልፍ ጠላቴ ነበር። ቤታችን እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል ያለች አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነበረች፤ የምንኖረውም እኔና አባቴ ብቻ። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ነው የሞተችው፤ መልኳን አላውቀውም። አባቴ ሲግናል አካባቢ የአንድ ግቢ የሌሊት ዘበኛ ስለነበር፣ ሲመሽ እኔን አስተኝቶ ቁልቁል በእግሩ ይወርዳል። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከግድግዳው ማዶ ሆነው ያዳምጡኛል፤ ካለቀስኩ ይመጣሉ።

ያኔ መብራት አልነበረንም። ራት እንደበላን አባቴ ፍሙን በአመድ ያዳፍንና ኩራዙን ዝቅ አድርጎ መደቡ ላይ ከጎኔ ቁጭ ይላል። ካፖርቱ ጭስ ጭስ ይሸታል። ተረት ሲያወራ አንድ ደንብ ነበረው፤ እሱ አንድ ነገር ባለ ቁጥር እኔ «እሺ» ማለት አለብኝ። «አንዲት ጦጣ ነበረች።» «እሺ።» «ጭራዋ አጠረባትና ሌላ ጭራ ልትገዛ ሾላ ገበያ ወረደች።» «እሺ።» እሺታዬ ሲጠፋ፣ ተኝታለች ብሎ ኩራዙን እፍ ይልና በእግሩ ጣት እየረገጠ ይወጣል። ብንን ስል ከጎኔ የለም። እጄን ሰድጄ ስዳብስ የማገኘው ቀዝቃዛ መደብ ነው።

አንድ ቀን ነገሩ ገባኝ። እሺ እያልኩ ከቆየሁ አይሄድም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዐይኔ እየተከደነ እንኳ ክንዴን ቆንጥጬ እሺ እላለሁ። አባቴም ቸግሮት ተረቱን ያረዝመዋል፤ ጦጣዋ ያልገባችበት ሱቅ፣ ያልለካችው ጭራ የለም፤ የበሬውን ትለካና ይከብዳታል፣ የዶሮውን ትለካና ታፍራለች።

«አንቺ፣ አልተኛሽም እንዴ?»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም! ተኝተሻል ወይ ነው የምልሽ።»

«እሺ።»

እትዬ አስካለ ከግድግዳው ማዶ ይስቃሉ። «አንተ! ዘበኛዋስ እሷ ናት፤ አንተ ምኑን ዘበኛ ሆንክ!»

አንድ ምሽት በጣም አቆየሁት። እየሮጠ ወረደ፣ ግን ተመልሶ መጣ። ቀን የሚጠብቀው ሰውዬ ጠብቆ ጠብቆ ሄዷል፤ አባቴ ከዚያ በፊትም አርፍዶ ስለነበር የግቢው ባለቤት «ሁለተኛ እንዳትመጣ» ብለውታል። ለእትዬ አስካለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲነግራቸው ሰማሁት። እኔ ግን ደስ አለኝ። ይሄን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አባቴ ሥራ አጥቶ ቤት ባደረባቸው ቀናት እንደተኛሁት ያለ እንቅልፍ ከዚያም ወዲህ አላገኘሁም፤ እሱ ከጎኔ ሲገላበጥ ነበር የሚያድረው። በኋላ ራታችን ቆሎ ብቻ የሆነ ቀን በኩራዙ ብርሃን ፊቱን አየሁትና ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ እሱን ማየት አቃተኝ።

ሌላ የጥበቃ ሥራ ሲያገኝ ደንቡን ለወጠው። ተረቱን ጨርሶ፣ እኔ ዐይኔን አፍጥጬ እያየሁት፣ ካፖርቱን ለበሰ።

«እየሄድኩ ነው» አለኝ። «እስካሁን ተደብቄሽ ነበር የምወጣው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን እያየሽኝ እሄዳለሁ። ጠዋት ወፍ ሲንጫጫ መጥቼ እቀሰቅስሻለሁ።»

አለቀስኩ። ሄደ። ጠዋት መጣ። በማግስቱም እንደዚያው። ውሎ አድሮ የጫማው ድምፅ ቁልቁለቱ ላይ ሳይጠፋ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

ይሄን ሁሉ ረስቼው ነበር፤ ያስታወሰችኝ ልጄ ሶስና ናት። አራት ዓመቷ ነው። አሁን ሾላ ጀርባ ተከራይተን ነው የምንኖረው። አባቷ ክፍለ ሀገር ግንባታ ላይ ነው፤ ይደውላል፣ መች እንደሚመጣ ግን አይናገርም። እኔ መንገድ ጠራጊ ነኝ፤ ሳይነጋ እወጣለሁ፤ ስወጣ አከራዬ እትዬ ብርቄ መጥተው ከሶስና ጎን ጋደም ይላሉ።

ሶስና እንቅልፍ እምቢ አለችኝ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ያለችኝን ሁሉ አደረግኩ፤ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ማስተኛት፣ ስልክ ማራቅ፣ መብራት መቀነስ፣ እግሯን በለብታ ውሃ ማጠብ። ተረትም አወራሁላት። ዐይኗ ሊከደን ሲል ደንግጣ ትገልጠዋለች፤ ቀሚሴን ጨብጣ «ከዛስ?» ትለኛለች። ታማብኝ ይሆን፣ ምን አጉድዬባት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ። የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ እናት የለኝ፣ እህት የለኝ።

አንድ ማታ የጨበጠችውን ጣቷን አንድ በአንድ ሳላቅቅ ነው የገባኝ። እኔም እኮ ተኝታ እያለች ነው የምወጣው። ለሷ እንቅልፍ ማለት እናቷ የምትጠፋበት ነው።

በማግስቱ ማታ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት።

«ነገ መንገድ ልጠርግ እሄዳለሁ። እትዬ ብርቄ ቁርስ ይሰጡሻል፤ ከዛ እመጣለሁ።»

«አትሂጂ።»

«እሄዳለሁ የኔ እናት። ግን ሳልነግርሽ አልሄድም።»

«ቀስቅሺኝ።»

«እሺ፣ እቀሰቅስሻለሁ።»

ያን ማታ ከሌላው ቀን የባሰ አለቀሰች። ስቀሰቅሳትም አለቀሰች፤ እትዬ ብርቄ «ምን አስነሳሽባት አንቺ? ተኝታልሽ ነበር እኮ!» ብለው ተቆጡኝ። ግን ቃሌን አላጠፍኩም። እንዲህ እያልን ሰነበትን። ትናንት ማታ ተረቱን ሳልጨርስ ጣቷ ላላ፤ ተኛች። ዛሬ ትከሻዋን ነካ አድርጌ «ሶስዬ፣ እየሄድኩ ነው» ስላት ዐይኗን እንኳ አልገለጠችም። «ሂጂ» አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞራ ብርድ ልብሷን ሳበች።

የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር። ግን በሩ ላይ ቆምኩ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጁ በሰላም ከተኛችለት በኋላ ያን ቁልቁለት ብቻውን ሲወርድ ምን ምን ይለው እንደነበር ጠይቄው አላውቅም። ያኔ ብቻዬን የምቀረው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትጠራኝ እንደሆን ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ። አልጠራችኝም። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።