የኡበይድ በቀልና የሪታጅ ዓይን

በአርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚያርሰው ኡበይድ ለጎረቤቱ ለሙሐዲን ሰላምታ ከነፈገ ብዙ ክረምት አልፏል። ሙሐዲን የኡበይድን እህት ሀዲያን፣ ከልደቷ ጀምሮ በሞራ የፈዘዘ ዓይኗን ዐውቆ፣ ወድጃታለሁ ብሎ የጠየቃት ሰው ነው። ኒካሑ ሊታሰር ሲል ግን በሽማግሎች ፊት «ዘሯ ዕውር ነው፤ ከቤቴ አይገባም» ብሎ ትቷት ከውጫሌ መስኡዳን አገባ። ከዚያ ወዲያ ሀዲያን የጠየቀ የለም። ኡበይድም ያችን ቃል እንደ እሾህ በሥጋው ይዞ ኖረ።

ባለፈው ዓመት ሕይወት የምትባል ተመራማሪ ወደ ሐይቅ ከተማ መጣች። በዓይን ሌንስ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ዘረ-መሎችን ለመለየት፣ ልጆች ሞራ ይዘው ከሚወለዱባቸው ቤተሰቦች ደም ትወስድ ነበር።

«ደማችንን ለማን ልትሸጪው ነው?» አላት ኡበይድ።

«አያ ኡበይድ፣ እንዲህ የመረረ ደም ማን ይገዛኛል?»

ሀዲያ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ክንዱን ግን ሰጠ።

ውጤቱ ሲደርስ ሕይወት አስረዳችው። «ይህ ዘረ-መል በመላ አካላችን አለ፤ የሚሠራው ግን በዓይን ሌንስ ብቻ ነው። የተበላሸውን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ልጅ ሞራ ይዞ ይወለዳል። ከአንዳቸው ብቻ የወረሰ ጤነኛ ነው፤ ሳያውቅ ለልጁ ያወርሳል። ሕፃኑ በወራት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ደግሞ ዓይኑ ማየት ሳይማር ይቀራል።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኡበይድ በባጃጅ ውስጥ ከመስኡዳ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ያቀፈቻት የአራስ ልጇ የሪታጅ መሸፈኛ በነፋስ ሲገለጥ፣ በብሌኗ ላይ የእርጎ ጠብታ የመሰለ ነጭ ነገር አየ። መስኡዳ ደንግጣ ሸፈነቻት። ኡበይድ ግን ገብቶታል፤ ዘሩ በሙሐዲንም ደም ውስጥ አለ!

እየተጣደፈ ለእህቱ ነገራት። «ዓይነ ሰብ ያገኛታል እያሉ ደብቀዋታል። እኔም ዝም እላለሁ። ይቅመሰው!»

«ልጅቱ ብትታወር ለኔ ባል ይሆነኛል?» አለች ሀዲያ።

«ደምሽን ልመልስልሽ ብዬ እንጂ!»

«እንግዲያው እሱን አዋርደው። ልጅቱ ግን አባቷ ሲዋረድ በዓይኗ ትይ።»

በሐሙስ ዱዓ ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ኡበይድ ተነሣ። ዱዓውን የሚመሩት ሸህ እንድሪስ ነገሩን ከፊቱ አንብበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ቢሉትም አልተቀመጠም።

«ሙሐዲን! ዘርህ ዕውር ነው። ልጅህን ለምን ትደብቃለህ? በወራት ውስጥ ካልታከመች አታይም። ደሴ ውሰዳት!»

ሙሐዲን አንገቱን ደፋ። መስኡዳ ከሴቶቹ መካከል «ወላሂ፣ እናሳክማት ብዬ ስለምነው ነበር!» ብላ እሪ አለች። በማግስቱ ሪታጅን ይዘው ደሴ ሄዱ፤ ሞራውም ወጣላት።

ኡበይድ ሙሐዲንን ዛሬም ሰላም አይለውም። የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው፤ በየደረሰበት «አላህ ይስጥህ፣ ጠላትህን የረዳህ ሸጋ ሰው!» ይሉታል።

«ረድቼው አይደለም» ይላል ጥርሱን ነክሶ፤ «ሰድቤው ነው።»

የሚያምነው ግን አላገኘም።