ሞርሳ የገባበት ጠላ

ባለቤቴ ባረፈ ሰሞን ዕቃ ቤቱን ስናጸዳ ከአሮጌው ቁምሳጥን ሥር ሁለት ጣውላዎች ወጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። ልጄ ለማገዶ ልትወስዳቸው ስትል ከለከልኳት፤ ምን እንደሆኑ ግን አልነገርኳትም። ሳቄ እንዳይመጣብኝ ፈራሁ። ለቅሶ ቤት ሳቅ ደግ አይደለም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንኖር ነው። አማቴ ሞተው አርባቸው ደረሰ። ባለቤቴ አንድያ ልጃቸው ነበር፤ በእናቱ ተዝካር ጠላ አለቀ ከሚባል እሱ ራሱ ቢያልቅ ይመርጥ ነበር። እህል ግን የለም። የነበረችን ገብስ ከገራዶ የመጣች ናት፤ ኬላ ላይ እንዳትወረስ ባለቤቴ ትራስ ውስጥ ሞልቶ፣ ወገቤን አሞኛል ብሎ ተደግፏት ነው ያሳለፋት። የአንድ ትራስ ገብስ ስንት ሰው ያጠጣል?

አማቴ ጌሾ አይወቅጡም ነበር። ደረቁን ቅጠል እንዳለ ይከቱታል፤ ጠላው ሲጠለል ቅጠሉ ወንፊቱ ላይ ይቀርና ጠጥቶ የያዘውን ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። እጁን ሰዶ ሊጨምቅ የሚሞክር ካዩ ጣቱን በማማሰያ ይሉታል። “ጌሾ ያለውን በፈቃዱ ይሰጣል፤ ካስገደዱት ሐሞቱን ነው የሚሰጥ” ይሉ ነበር። እኔም ለተዝካራቸው እንደሳቸው አድርጌ ጠነሰስኩ።

ባለቤቴ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበር፤ የፋብሪካውን የውይይት ክበብም ይመራል። ጠላው የሚጠለል ዕለት ከወንፊቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያበጠውን ቅጠል ሲመለከት ቆየ።

“ይሄ ቅጠል ጠጥቷል” አለኝ።

“ምኑን?”

“ጠላችንን ነዋ። ምንም ሳይሠራ ጠጥቶ ተኝቷል። በዝባዥ ማለት ይሄ ነው።”

“ተወው ይንጠብጠብ። እናትህ ምን ይሉ እንደነበር ታውቃለህ።”

“እናቴ የኖረችው በድሮው ሥርዓት ነው” አለ።

በማግሥቱ ከኮምቦልቻ ሞርሳ ተሸክሞ መጣ፤ ሠራተኞች ብረት ቀርቅረው የሚሞርዱበትን መቆንጠጫ። ከፋብሪካው ወርክሾፕ ተውሶት ነው። ቅጠሉን በአቡጀዴ ጠቅልሎ በሁለት ጣውላ መሐል አደረገና ሞርሳውን ያጠብቀው ጀመር። ጥቁር አረንጓዴ ነገር ወረደ።

“አየሽ? የዘረፈውን እየመለሰ ነው።”

መጀመሪያ ቅመሰው ብዬ ሳልጨርስ ጋኑ ውስጥ ገለበጠው። ማማሰያው እዚያው ነበር፤ በሱ ጣት የሚመቱት አማቴ ግን አልነበሩም።

የተዝካሩ ዕለት ሁለት ድንኳን ተተከለ። በአንዱ ክርስቲያኖቹ ተቀመጡ፤ በሌላው ለሙስሊም እንግዶቻችን ጎረቤቴ ቀሪቦ ይዛ ቆመች። ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው። እሷም ገብሱን ከየት እንዳመጣች አልጠየቅኳትም።

ጠላው መጀመሪያ የተቀዳው ለቀበሌው ሊቀመንበር ነው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ጉንጩን እንደነፋ ቀረ። አፉ ውስጥ እንደያዘው ገባኝ።

“እንዴት ነው ጓድ?” አለው ባለቤቴ። “በራስ መቻል መርሕ የተገኘ ነው። አንዲት ጠብታ አልባከነችም።”

ከዚህ በኋላ መረረኝ ማለት ራስን መቻልን መቃወም ሆነ። ሊቀመንበሩ ዋጠ።

“ጓድ፣ ይሄ ጠላ ንቃት አለው” አለ።

ከዚያ ወዲያ ድንኳኑ በሙሉ የጠላውን ንቃት ሲያደንቅ ዋለ። የንስሐ አባታችን ብቻ ዋንጫውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። “ልጄ፣ ኮሶዬን ከጠጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። ዛሬ ይቅርብኝ።”

ሊቀመንበሩ ኩላሊቱን እንደሚያመው ትዝ አለውና ወደ ቀሪቦው ድንኳን ተሻገረ። የሌሎቹም ኩላሊት ተከታትሎ ታመመ። ጎረቤቴ ወደ ጓዳ መጣችና ጆሮዬ ሥር፣ “አንቺ፣ አገሩ ሁሉ ዛሬ ሰለመ እንዴ? ወላሂ እንስራዬን አራቆቱት” አለችኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ያዩኝ ሰዎች ለአማቴ የማለቅስ መስሏቸው፣ “አይዞሽ፣ እሳቸውስ ጠግበው ነው የሞቱ” አሉኝ።

እንግዳው ሲሸኝ ባለቤቴ የጋኑን ክዳን ከፍቶ እጁን ዘረጋ። ሩቅ ሳይሄድ ጠላውን ነካ። ፊቱ በራ።

“አላለቀም” አለኝ። “እናቴን አላሳፈርኳትም።”

የምመልሰው ነበረኝ። ግን እናቱን ከቀበረ ወዲህ ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አላየሁም ነበርና፣ “አላሳፈርካቸውም” አልኩት።

አሁን የሱ አርባ ሲደርስ ጌሾውን ቅጠሉን እንዳለ ከትቼ ጠነሰስኩ። ሲጠለል ከወንፊቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

“እማዬ፣ ትንሽ ጨመቅ ላድርገው?” አለችኝ ልጄ።

“ተይው። እኔም ሥራ የለኝ።”

እስኪያበቃ ጠበቅኩት። ጠላው ግሩም ነበር፤ ሁሉም አመሰገነ፣ ሁሉም አስደገመ፣ ከቀትር በኋላም አለቀ። ዘግይተው ለመጡት የያኔዋ ጎረቤቴ ቀሪቦ ደረሰልኝ።

እሱ ቢያይ በኀፍረት መሬት ይገባ ነበር። ጣውላዎቹ አሉ። ሞርሳውን ግን ያኔውኑ ለፋብሪካው መልሶታል።