ስም ያልጠራው ጥሩንባ

ሸዋነሽን ሰበታ ውስጥ የማያውቃት የለም ብል አጋነንሽ እባላለሁ። ከፋብሪካው ጀርባ ባለው መንደራችን ግን ወተት የሚጠጣ ሁሉ ያውቃታል። ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሏት። ጠዋትና ማታ አልባ፣ በጀሪካን ሞልታ፣ ከደቡብ መጥተው ፋብሪካው ውስጥ የሚሠሩት ልጆች በተከራዩባቸው ክፍሎች በር ላይ ታዞራለች። ወተቷን ውኃ አይነካውም፤ ምላሷን ደግሞ ማር አይነካውም። "አግቢ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር መቅዳት ሰለቸኝ" ስትል ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሀገራቸው እናት ትተው የመጡ ናቸውና ስድቧን ሳይቀር ይወዱላት ነበር።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ገብስና ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ መጋዘን ቆሟል። የቀረቻት አንዲት ልጅ፣ ጠጅቱ፣ ዓረብ ሀገር ናት። መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ቀጥሎ አሠሪዎቿ ስልኳን ቀሟት፤ አልፎ አልፎ በጓደኛ ስልክ ሰርቃ ትደውላለች። ከዚያ ጭራሽ ጠፋች። ሸዋነሽ ስልኳን ከጡቷ ሥር አትለየውም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ድምፁን አትዘጋውም፤ ዲያቆኑ ቢቆጣትም አትሰማውም። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጇን ድምፅ መስማት።

እንዲህ እየኖርን ሳለ ነው ፍቅረሥላሴ የመጣብን። አዲስ አበባ ቴአትር የተማረ ወጣት ነው። በሕገወጥ ስደት ላይ ሰው አስተምሩ የሚል አንድ ድርጅት ነው የላከው። መጥፎ ልጅ አልነበረም። መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለመጥላት ይመቻል። ትሁት ነው፣ ለሽማግሌ ይነሳል፣ "እናቴ" ሳይል አይናገርም።

የእድራችንን ኮሚቴ ሰብስቦ ሐሳቡን አስረዳ። መድረክ የለም፤ መጋረጃ የለም፤ ተዋናይና ተመልካች የሚባል ነገር የለም። የእድሩ ድንኳን ይተከላል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ ሰው ለቀሶ የደረሰ መስሎት ይመጣል። ድራማው እዚያው እመሃሉ ይጀመራል።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጎበና ግራ ገብቷቸው፣ "ሰው ድራማ መሆኑን ሳያውቅ?" ብለው ጠየቁት።

"በኋላ እንነግራቸዋለን አባቴ። ካወቁ እኮ ቁጭ ብለው ነው የሚያዩት። እኔ የምፈልገው እንዲኖሩት ነው።"

"ጥሩንባውስ የማንን ስም ይጥራ?"

"የማንንም። እያንዳንዷ እናት የራሷን ልጅ ስም እንድትሰማበት እፈልጋለሁ።"

ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀ። አነጋገሩ ያምራል፤ የሚያምር ነገር ስንሰማ ደግሞ ጭንቅላታችን ወዲያው መነቅነቅ ይወዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እኛ ዘንድ ከሩቅ ሀገር ሞት ሲመጣ መጨረሻ የምትሰማው እናት ናት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ድንኳን ይዘጋጃል፣ እሷ ግን "ትንሽ አሟት ነው"፣ "ደህና ናት፣ ትናንት ደውላለች" እየተባለች ታድራለች። ሲነጋ ሽማግሌ ይመጣል። ሸዋነሽ በዚህ ሥራ የተካነች ነበረች። የጎረቤታችን ልጅ የመን መንገድ ላይ የቀረ ጊዜ እናቱን ሲያስቃት ያመሸችው እሷ ናት። ሳቋ ይታየኛል፤ ዓይኗ ውስጥ ምንም አልነበረም። ጠዋት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስትገባ ሴትዮዋ ያየችው መጀመሪያ እሷን ነው። እኛም "አንቺ መርዶ ልታረጂኝ ብትመጪ እንኳ አላምንሽም" እያልን እናሾፍባት ነበር።

ድራማው እሑድ ጠዋት ሆነ። ዱባለ፣ የእድሩ ለፋፊ፣ ጥሩንባውን ነፋና "የሰፈር ሰው፣ ወደ ድንኳኑ!" ብሎ ዝም አለ። ስም የለም። ድንኳኑ የተተከለው ከሸዋነሽ አጥር ጎን ባለው ሜዳ ላይ ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ ሌላ ደልዳላ ቦታ ስለሌለን ነው። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወጣሁ። "ማን ነው? ማን ሞተ?" እንባባላለን፤ የኮሚቴ ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። እንደዚያ እንዲያደርጉ ተነግሯቸዋል።

ስንገባ ልጆቻቸው ዓረብ ሀገር ያሉትን እናቶች ከፊት አስቀመጧቸው። ይህም የፍቅረሥላሴ ሐሳብ ነው። ከኋላ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ካሜራ ይዘው ቆመዋል፤ የሟች የከተማ ዘመዶች መስለውኛል። እኔ ከሸዋነሽ በግራ ተቀመጥኩ። በቀኟ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሻሿ እንደኛ፣ ጫማዋ እንደኛ፣ ተረከዟ ሳይቀር የተሰነጠቀ። ከተጂ ከተማ የመጣች የሟች ዘመድ ትሆናለች ብዬ ነበር። ሮዳስ ትባላለች፤ ተዋናይት ናት። ልጇ ሞታ የሚያረዷት እናት ሆና የምትሠራው እሷ ነበረች።

ሦስት ሽማግሌዎች ከመግቢያው ተነስተው ወደ እኛ መጡ። ከፊት ኦቦ ጎበና ናቸው። ፍቅረሥላሴ "እንደ ሁልጊዜዎ ይሂዱ" ብሎ ነበር ያዘዛቸው፤ እሳቸውም እንደ ሁልጊዜያቸው ሄዱ። በሕይወታቸው ስንት ሰው እንዳረዱ እግዜር ይወቅ፤ እግራቸው መንገዱን ያውቀዋል። ቀስ ብለው መጡ፣ ከሮዳስና ከሸዋነሽ ፊት ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሸዋነሽ ተነሳች።

"ጠጅቱ ናት" አለች።

አልጮኸችም። እንደምታውቀው ነገር ነው ያለችው። ጩኸቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ደረቷን ደቃች፣ ፊቷን ቧጠጠችው። ሮዳስ አፏን ከፍታ ቀረች። ለእሷ የተጻፈውን ልቅሶ ሌላ ሰው አልቅሶባታል። ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ተነስታ ሸዋነሽን አቀፈቻትና አብራት አለቀሰች። ካሜራው ቀረበ። በሸዋነሽ ጉንጭ ላይ ደም ሲወርድ በጣም ቀርቦ ያይ ነበር።

ከኋላ የቆሙት እንግዶች አጨበጨቡ።

ያንን ጭብጨባ እስክሞት አልረሳውም። እንባቸውን እየጠረጉ ነው የሚያጨበጭቡት። አንዷ "ይቺ ሴትዮ ከየት የተገኘች ናት?" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

"ሸዋዬ! ድራማ ነው እኮ! ጠጅቱ ምንም አልሆነች!" ብዬ ጨብጬ ያዝኳት።

አየችኝ። "ብርሃነሽ፣ ስንቱን ሰው እንዲህ ብዬ አሳድሬዋለሁ" አለችኝ።

ኦቦ ጎበና ከፊቷ ተንበረከኩ። "ሸዋነሽ፣ ዱጋ ነው የምልሽ፣ እውነቱን ነው። ጨዋታ ነው። ማንም አልሞተም።"

"ኦቦ፣ እርስዎ ለጨዋታ ባርኔጣ አያወልቁም።"

ፍቅረሥላሴ እየሮጠ መጣ፤ ማለ፣ የድራማውን ወረቀት አሳየ፣ ሮዳስን "ተናገሪ እንጂ" ብሎ አቆማት። ሮዳስ ሻሿን አውልቃ የተሠራ ፀጉሯን አሳየች። ሸዋነሽ ሁለቱንም እያየች "እግዜር ይስጣችሁ፣ ደክማችኋል" አለቻቸው። እሷ ራሷ ድሮ የምትለውን ሁሉ ነበር የምትሰማው። ደህና ናት ባልናት ቁጥር ልጇን አንድ ጊዜ እንቀብርባታለን።

ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። እንቀመጥ ወይስ እንሂድ? ብንቀመጥ ሞቱን አጸደቅን ማለት ነው። ብንሄድ አንዲት ሴት ብቻዋን ድንኳን ውስጥ ስታለቅስ ትተን መሄዳችን ነው። ኮሚቴው ተከራከረ፤ ሴቶቹ ግን ክርክሩ ሳያልቅ ተቀመጥን። ንፍሮው መጣ። የፋብሪካው ልጆች ከሥራ ሲወጡ እየተንጋጉ መጡ፤ አጵሎስ የሚባለው የእነሱ ዘማሪ መዝሙር አወጣ፤ ደቦ ሆነው ውኃ ቀዱላት፣ ላሞቹን አለቡላት። ለድራማ የተተከለው ድንኳን ሠልስት እስኪወጣ አልተነቀለም። ሸዋነሽ ፀጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች። ለቀሶ ደራሹን ሁሉ እያየች እንዴት ትጠራጠር?

ፍቅረሥላሴ ተመልሶ መጣ። ከስቷል፤ የእውነት አዝኗል መሰለኝ። እግሯ ሥር ተቀምጦ ስለ ጠጅቱ ጠየቃት፣ ስልኩን ከፍቶ ቀረጻት። ልጁ የሞተበት ሰው ስለ ልጁ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ሁሉን ነገረችው። የልጅነት ስሟን፣ ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ ሲደብራት የምታንጎራጉረውን፣ ሽሮ ላይ ቅቤ እንደማትወድ። "ለምንድነው የምትቀዳው?" ብዬ ስጠይቀው "ታሪካቸው እንዳይጠፋ ነው እናቴ" አለኝ፤ እኔንም እናቴ ብሎ።

ታሪኳስ አልጠፋም። ቡራዩ ላይ ድራማውን ሲያሳዩት አንድ ነገር ተጨምሮበት ነበር። ሱሉልታ ያለችው የባሌ እህት እዚያም ሲያሳዩት አይታ ደውላ ነገረችኝ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይናገሩ አንዲት እናት ከሰው መሃል ተነስታ የልጇን ስም ትጠራለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፣ ፊቷን ትቧጥጣለች። "ብርሃነሽ፣ ሰው ተላቀሰልሽ! እንዴት አድርገው ቢያስጠኗት ነው?" አለችኝ። ተዋናይቷ ሮዳስ ናት። ስልኩን ዘጋሁባት። እስካሁን ለምን እንደዘጋሁባት አታውቅም።

በዚህም አልበቃቸው። ከኮሚቴው ሰዎችና ከፍቅረሥላሴ መሃል፣ ድራማ ያመጣውን ነገር በድራማ እናድነው የሚል ሐሳብ ተወለደ። ሮዳስ እንደ ጠጅቱ ሆና ትደውልላት፤ በሕይወት መኖሯን ትስማና ትጽናና፤ እውነተኛዋ እስክትገኝ። ለእኔ አልነገሩኝም፤ ቢነግሩኝ ኖሮ ጥሩንባውን እላያቸው ላይ እሰብረው ነበር። ደወሉ። ሮዳስ ስለ ጠባሳው አነሳች፣ የልጅነት ስሟን ጠራች፣ ዜማዋን ሁሉ አንጎራጎረች። ሸዋነሽ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ልጄ፣ ያን ቀን ያቀፍሽኝ አንቺ አይደለሽም?" አለቻት። ሮዳስ በስልኩ ውስጥ አለቀሰች። የእውነቷን ነው ያለቀሰችው ይላሉ። እኔ እንጃ፤ የእሷን እንባ መለየት ካቆምኩ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ሸዋነሽ ስልኳን ጡቷ ሥር መያዝ ተወች። በረቱ ግድግዳ ላይ ካለው ሚስማር ሰቅላው ትሄዳለች። ወተቷን እንደ ድሮው ታዞራለች፣ ልጆቹን ግን አግቡ ብላ አትሳደብም። ዝም ብላ ትቀዳለች፤ ሲያመሰግኗት "ኑሩ" ብላ ታልፋለች። ጀሪካኑ ሲንቋቋ ይሰማል እንጂ መምጣቷም አይታወቅም። ሳቋን እንደናፈቅነው የሚነግራት ግን አልነበረም።

መስከረም ላይ አንድ ቀን፣ ወደ ማታ፣ ወተት ልወስድ ሄጄ በረቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ላሟ ሥር ቁጢጥ ብላ ታልባለች። ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው፣ የውጭ። እጇ በወተት ስለራሰ "አንሺውና ድምፁን ልቀቂው" አለችኝ። ለቀቅሁት።

"ሀሎ? ሀርሜ? ሀርሜ ኮ፣ አና፣ ጠጅቱ!"

እናቴ፣ እኔ ነኝ ማለቷ ነው፣ በኦሮምኛ። ባልወልዳትም ከእጄ ያደገች ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ሻክሯል፣ ግን እሷ ናት። ከኋላዋ አንዲት ሴት በዓረብኛ ትጮሃለች፣ በር ይደበደባል። በረጅሙ ትተነፍሳለች።

"ሀርሜ፣ አከም ጅርቱ? ደህና ነሽ? ስልክ ሰርቄ ነው። ሽንት ቤት ቆልፌ ነው። ድምፅሽን ብቻ ልስማ ብዬ ነው። ሀርሜ፣ አለሽ?"

ሸዋነሽ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

"አንቺስ ጎበዝ ነሽ" አለች። "ከፊተኛይቱ ትሻያለሽ። ኦሮምኛም ትችያለሽ። ያ የድራማ ልጅም አይሰለቸውም።"

"ሀርሜ፣ ምን እያልሽ ነው? እኔ ነኝ እኮ! ጠጅቱ!"

"ተይ ልጄ፣ ይሄን ሥራ ተዪው። ጎሮሮሽን ትጎጂያለሽ። እናት ካለችሽ ለእሷ ደውዪላት።"

ዘጋችው።

ስልኩን ነጠቅኳት። "ሸዋነሽ! እሷ ናት! በእመቤታችን፣ በልጆቼ፣ እሷ ራሷ ናት!" እያልኩ ጮህኩ፤ ቁጥሩ ላይ መልሼ ደወልኩ። አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ ጭራሽ ተዘግቷል። እያለቀስኩ ደግሜ ደግሜ ደወልኩ። ሸዋነሽ ቁጢጥ ብላ ከላሟ ሥር ተመልሳ ተቀምጣለች። ቀና ብላ በሐዘኔታ አየችኝ።

"ተያቸው ብርሃነሽ፣ አትቆጪያቸው" አለችኝ። "ለእነሱም እንጀራቸው ነው።"

ማለቧን ቀጠለች።