የዓሣ ሰዎች ጉም አገር የገቡ ዕለት

በመጀመሪያው ቀን የአስተዳደር ኃላፊው አንድ ቁልፍ እጄ ላይ ጣል አድርጎ፣ «በይ ሀዋ፣ አጫውቻቸው» አለኝና ሄደ። በሩን ስከፍት ያገኘሁት ሁለት የዳማ ሰሌዳ፣ መረቡ የተበጠሰ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ጺማም ፈረንጆችና የጉድ አቧራ ነው። የሥራ መደቤ «የሠራተኞች ክበብ አጫዋች» ይባላል። ከፎርማን በታች፣ ከጽዳት ሠራተኛ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ወንዶቹ ሲሰሙ ሳቁብኝ። እኔ ግን ቁልፉን በመሐረቤ ጫፍ ቋጥሬ ከደስታዬ ብዛት ምሳዬን ረሳሁት።

የደስታዬ ምክንያት ደረቴ ነው። ከዚያ በፊት የምሠራው እዚያው ኮምቦልቻ፣ እዚያው ጆንያ ፋብሪካ ውስጥ፣ ቃጫ ማበጠሪያ ክፍል ነበር። ብናኙ ሳንባዬ ገብቶ ያፍነኝ ጀመር። ደሴ ያየኝ ሐኪም፣ «እዚያ ክፍል ከተመለሽ ዓመት አትቆዪም» ብሎ ቁርጤን ነገረኝ። ኃላፊውም ክበቡ ከተዘጋ ሌላ ክፍት ቦታ እንደሌለው፣ መመለሻዬ ያው ማበጠሪያ ክፍል እንደሆነ አልደበቀኝም። ስለዚህ ክበቡ ለሌላው መዝናኛ ነበር፣ ለኔ ግን ትንፋሽ ነበር።

ዛሬ እናንተ ወጣቶቹ ተሰብስባችሁ የምትጫወቱትን የምናብ ጨዋታ እኔ የተማርኩት ማሽን ሊተክል ከመጣ አንድ ፈረንጅ ነው። ቋንቋችን ባይገጥምም በእጁም በአስተርጓሚም አስረዳኝ። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ሽፍታውን እሱ ያወራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በዚያ አገር የሚኖር አንድ ሰው ሆነው ይገባሉ። አጫዋቹ «ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን በየጎኗ ቁጥር ያለባት ጠጠር ትጣልና እሷ ትፈርዳለች።

አገራችንን «ጉም አገር» አልነው። ተራራ ነው፣ ብርድ ነው፣ ጭቃ ነው፤ በአጭሩ ደሴ ነው። ፈረንጁ ንጉሥ ሰጥቶት ነበር። ኃላፊው ይህን ሲሰማ፣ «ንጉሥ? አንቺ ሴትዮ ልታስበዪኝ ነው?» አለኝ። በማግስቱ ንጉሡን አውርደን ሊቀመንበር አደረግነው፤ ቤተ መንግሥቱም ቀበሌ ሆነ። ጨዋታው ምንም አልጎደለበትም። እንዲያውም ስብሰባ ሲጨመርበት ይበልጥ እውነት መሰለ።

ከተጫዋቾቼ ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ይመር የግምጃ ቤት ዘበኛ ናቸው፤ ከደጋን በላይ ካለው ተራራ የመጡ፣ የአበጋር ልጅ። አበጋር የምንለው ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቅ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃሉን የሚያከብርለት ሽማግሌ ነው። በጨዋታው ውስጥ ጋሽ ይመር ቀጥቃጭ ነበሩ። ብርቄ ደግሞ የጆንያ አፍ ሰፊ ናት፤ ማርያምን ሳትጠራ ደረጃ አትወርድም። በጨዋታው ውስጥ ነብር አዳኝ ነበረች። አንድ ልጇ ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። ስለሱ አታወራም፤ ነብር የገደለች ቀን ግን ከልቧ ትስቅ ነበር።

ጨዋታው እየደመቀ ሲሄድ አዲስ ካድሬ ተመደበብን። ጓድ ታደሰ ይባላል፣ እዚሁ ደሴ አጠገብ የገራዶ ልጅ ነው። ክበቡን ዞሮ አየና ጥያቄ ጀመረ።

«ይሄ ጨዋታችሁ ጠላት አለው?»

«ሽፍታ አለው ጓድ።»

«ሽፍታ አይበቃም። ከውጭ የመጣ፣ የማይታረቅ ጠላት አስገቢ። ሠራተኛው ተደራጅቶ ሲደመስሰው ማየት እፈልጋለሁ።»

«እሺ ጓድ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። የሚያስተምር ካልሆነ አዳራሹን ለውይይት ክበብ እወስደዋለሁ። አንቺም ወደ ክፍልሽ ትመለሻለሽ።»

ይህን ሲል ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ደረቴ እዚያው ሲጠብብ ተሰማኝ።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ቤቴ ደሴ ወጣሁ። ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሳልፍ ከሐይቅ የመጣ ዓሣ በሳፋ ተደርድሮ ይሸጣል። እኔ ዓሣ በልቼ አላውቅም፤ ያደግኩበት ሰፈርም ብዙ የሚወደው የለም። ቆሜ አየሁት። ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም። ሞቶም ያያል። አንዱ ቀጥ ብሎ እኔን ያይ ነበር፤ ግን የሚያየኝ ሆኖ አልተሰማኝም። ሰውነቴ ተሸማቀቀ። ጠላቴን አገኘሁት አልኩ።

አሁን ይህን ሙያ ለምትሠሩ ልንገራችሁ፤ ጭራቅ መፍጠር ቀላል ነው፤ ጭንቁ የፈጠሩትን ጭራቅ ቀድሞ በነበረ አገር ውስጥ ማስገባት ነው። ዝም ብላችሁ ከሰማይ ብትጥሉት ተጫዋቹ ይስቃል። ጉም አገር ውስጥ ደግሞ ባሕር የለም፣ ሐይቅም የለም። የዓሣ ሰው ተራራ ላይ ምን ይሠራል? ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። በመጨረሻ የመንደሩ ምንጭ ትዝ አለኝ። ተጫዋቾቼ ከመጀመሪያው ጊዜ ጀምሮ የሚጠጡት፣ ፈረሳቸውን የሚያጠጡት፣ ሲቆስሉ የሚታጠቡበት ምንጭ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን የጠየቀ የለም። እንግዲህ ከተራራው ሥር፣ ብርሃን ካየ የማያውቅ ውሃ አለ አልኩ። እዚያ ውስጥ የዓሣ ሰዎች ይኖራሉ። ከነሱ በታች ደግሞ አንድ ነገር ተኝቷል፤ ስም የለውም፣ እነሱም «ከሥር ያለው» ይሉታል። ተራራው ሳይበቅል የነበረ ነው። ሰውን አይጠላም፤ መኖራችንን ጭራሽ አያውቅም። ይህን ሳስብ እኔው ራሴ ፈርቼ ኩራዝ ለኮስኩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ጓድ ታደሰ በሩ አጠገብ ወንበር ይዞ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። እኔም ጀመርኩ። ምንጩ ሲጎል አወራሁ፣ ከዚያ ውሃው ሲጠቁር፣ ከዚያ ከውሃው ሲወጡ። ቁመታቸው የሰው ነው፣ አንገት የላቸውም፣ ቆዳቸው እርጥብ ነው፣ ዓይናቸው አይከደንም። አሰላለፋቸው የሰልፍ ነው። አንዳቸውም አይናገሩም። ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ደስ አለኝ፤ ይዣቸዋለሁ አልኩ በልቤ። ጠጠሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ምን ታደርጋላችሁ?» አልኩ።

የጠበቅኩት «ጦሬን አነሳለሁ» የሚል ነበር። ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «መጀመሪያ ሰላም እንላቸዋለን እንጂ» አሉ። ቀጠሉም፦ «አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ዋላችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እዚያ ታች ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የዓሣ ሰው ሆኜ መልስ መስጠት አለብኝ፤ ሕጉ ነው። አዘጋጅቼ የመጣሁት ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ድምፄን አጎርንኜ «ውሃችንን ጠጣችሁት» አልኩ።

ሳቁ ተቋረጠ። ጋሽ ይመር ወደ ብርቄ ዞሩ። «እንዴ! እውነታቸውን እኮ ነው። የማን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?»

«አልጠየቅንም» አለች ብርቄ። «በስመአብ! ፈረሱን ሁሉ አጥበንበታል።»

«እንግዲያው በዳዩ እኛ ነን። አበጋር ይቀመጥ።»

ጓድ ታደሰ ከወንበሩ ተነሳ። «ውጊያው የታለ?»

«ጓድ፣ በክፉ አይዩብን» አሉ ጋሽ ይመር። «የሰው ውሃ ጠጥቶ በጦር የሚመጣ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ጓድ ታደሰ እኔን አየኝ። የማይታረቅ ጠላት አምጪ ብሎኝ፣ ገና ሳይተዋወቁ ሊያስታርቁብኝ ነው። የማበጠሪያው ክፍል ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ጠጠሯን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ለዕርቅ የሚጣል ጠጠር ፈረንጁ አላስተማረኝም። በዚያ ላይ አዳራሹ ሁሉ ወደ ፊት ተጠግቶ ነበር፤ አቁሙ ብላቸው የሚሰማኝ የለም።

ዕርቁ ቀጠለ። ካሳ ተቆረጠ፤ ምንጩ እኩል እንዲካፈል፣ ፈረስ ከታች ካለው ወንዝ እንዲጠጣ ተስማሙ። ቀረ የምለው ነገር አልነበረም፤ ጋሽ ይመር ግን «አልጨረስንም» አሉ። «ዕርቅ ያለ ምርቃት አይጸናም። የተበደለው ወገን ሽማግሌ ይመርቅ። በሉ አባት፣ ይመርቁን» ብለው ወደ እኔ አጎነበሱ።

የዓሣ ሰዎች ሽማግሌ እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልመርቅ? ያላቸው አምላክ ከሥር ያለው ብቻ ነው። ምርቃት ሲባል ደግሞ አፌ የሚያውቀው አንድ ዜማ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሽማግሌዎቻችን ዱዓ ሲያደርጉ የሰማሁት። እጄን ዘረጋሁና በዚያ ዜማ ጀመርኩ።

«ተራራው ሳይበቅል የነበረው ይስማችሁ።»

«አሚን!» አለ አዳራሹ።

ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን ሲል የኛ አገር አዳራሽ እንዴት እንደሚነቃነቅ ታውቃላችሁ። ድምፁ ወሰደኝ። ፍርሃቴም ጠፋ።

«ከሥር ያለው ይንቃላችሁ።»

«አሚን!»

«ውሃው ደጃፋችሁ ድረስ ይውጣ።»

«አሚን!»

«ልጆቻችሁ ወደ እሱ ይውረዱ፤ የሄዱትም አይመለሱ።»

«አሚን!»

የመጨረሻው አሚን ካለፈ በኋላ ነው ያልነውን የሰማነው። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር። አዳራሹ እንዳለ ደረቀ። እጆች ሁሉ ወደ ላይ ተዘርግተው እዚያው ቀሩ። ብርቄ ተነስታ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ልጄ ሰሜን ነው» አለች። «ሀዋ፣ ምን አስባልሽኝ? ልጄ እኮ ሰሜን ነው።»

ጨዋታ ነው ልላት ፈለግኩ። ጨዋታ እንደሆነ እሷም ታውቃለች። አሜን ያለችው ግን ነብር አዳኟ ሳትሆን ራሷ ብርቄ ናት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጁ ወይም ወንድሙ ያልሄደበት ሰው ጥቂት ነበር።

ያን ጊዜ ወደ በሩ ዞርኩ። ጓድ ታደሰ ተመልሶ ተቀምጧል። ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ ልክ እንደ ሌላው ሰው። በአዳራሽ ውስጥ ጸሎት ያሰማ ሠራተኛ ይቀጣል ብሎ በየስብሰባው የሚያስጠነቅቀው እሱ ነው። መዳፉን አየው፣ እኛን አየን፣ ፊቱ ጠቆረ። ተነሳና በሩን ዘጋ። መወርወሪያውን ከውስጥ ገፋው። አለቀልኝ አልኩ። ማበጠሪያ ክፍሉን አላሰብኩም፣ እስር ቤቱን ነው ያሰብኩት።

ጓድ ታደሰ ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ።

«ጋሽ ይመር» አለ። ድምፁ የካድሬ አልነበረም፤ የገራዶ ልጅ ድምፅ ነበር። «ይመልሱልን። ያልነውን ይመልሱልን። ታናሽ ወንድሜ እዚያ ነው።»

ጋሽ ይመር ጊዜ አላጠፉም። ኮፍያቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ሳናውቅ ያልነውን አትያዝብን» አሉ። «የሄዱትን በእግራቸው መልስልን። ለደጃቸው አብቃልን።» አዳራሹ በዝግታ፣ ቃሉን እየጠበቀ፣ ሰምቶ እየጨረሰ መለሰ። ጓድ ታደሰም በሩን እንደያዘ አሜን አለ። ደጅ ሰው ሲያልፍ በተሰማ ቁጥር መወርወሪያውን በእጁ ይጫን ነበር።

ሲያበቃ በሩን ከፈተና ወጣ። ሰኞ ዕለት ኃላፊው ጠርቶኝ «ካድሬው ጨዋታው ያስተምራል ብሏል፤ ቀጥይ» አለኝ። ምን እንደሚያስተምር አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ጡረታ እስክወጣ ማበጠሪያ ክፍል አልተመለስኩም።

የዓሣ ሰዎቹን ከጉም አገር አላስወጣኋቸውም፤ ዕርቅ ነውና። ምንጩን እኩል ይጠጣሉ። ሽማግሌያቸው ግን ዳግመኛ አልመረቀም። ብርቄ ለወራት ክበቡ ደጅ አልደረሰችም። ኋላ መጣች፣ ነብሯንም ማደን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ግን ሠርግም ሆነ ለቅሶ ላይ ሰው ሲመርቅ ቀና ብላ የመራቂውን አፍ ታያለች፤ ቃሉ ካላለቀ አሜን አትልም።

ለናንተ ለአጫዋቾቹ ያለኝ ምክር ይህ ነው። ጭራቁን እንዳሻችሁ አስፈሪ አድርጉት። አፉ ውስጥ ቃል ስታስገቡ ግን፣ አዳራሹ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቀድማችሁ እወቁ።