ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ወደ ግራ የምትሄደው መኪና

የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የማሰልጠኛው ባለቤት አቶ አስማረ ቁልፉን ቶሎ አልሰጡኝም። በጣታቸው እያዞሩ እንደ እንግዳ ሰው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የሠልጣኝ መዝገብ የያዝኩላቸው እኔው ነኝ።

«ብርቱካን፣ የመጀመሪያው ሠልጣኝሽ ከወደቀ ወደ መዝገብሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ።»

«ደብረ ማርቆስ ሴት አሰልጣኝ አልለመደም። ሰበብ አትስጫቸው።»

እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ኋላ በማታ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የመንገዱን ሕግ መዝገብ ላይ ተቀምጬ ለብቻዬ አነበብኩት። መሪ ያስያዙኝ ግን የቤቱ ነባር አሰልጣኝ ጋሽ ታፈረ ናቸው። «ሠልጣኝ አይታመንም፤ እጁንም፣ እግሩንም፣ ዓይኑንም ተጠራጠሪ» ይሉኝ ነበር። ምክራቸውን ያዝኩ። ከልክ በላይ ያዝኩት።

የመጀመሪያ ሠልጣኜ ይበልጣል ይባላል፣ የደብረ ወርቅ ልጅ ነው። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ካገሩ ጤና ጣቢያ የአምቡላንሱ ሹፌር ለቆ ስለነበር፣ መንጃ ፈቃድ ካመጣ ሥራው የእሱ እንደሆነ ነግረውታል። እሱም እኔም የምንተርፈው በዚያው በአንድ ፈተና ነበር።

መኪናችን አሮጌ ነጭ ፒክአፕ ናት። በእኔም እግር ሥር ተጨማሪ ፍሬን አላት። ሜዳ ላይ ይበልጣል ጎበዝ ነበር፤ ፍሪሲዮን አለቃቀቁ ለስላሳ፣ ማርሽ አቀያየሩ ደህና። አስፋልት ስንወጣ ግን አንድ ጉድ መጣ። በየቀኑ ከገበያው ወዲያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ፣ መኪናዋ መሐል መስመሩን አልፋ ወደ ግራ ትሄዳለች። እኔ ፍሬን እረግጣለሁ።

«ምነው ይበልጣል?»

«እኔ እንጃ እትዬ፤ መሪውን አልነካሁትም። እርስዎ ሲረግጡት ይሆን የሚስበው?»

እሱ እግሬን ይሰልላል፣ እኔ እጁን እሰልላለሁ። እንዲህ ሆነን ሳምንት ከረምን።

አንድ ጠዋት ለብቻዬ ነዳኋት። እዚያው ቦታ ስደርስ እኔንም ወደ ግራ ወሰደችኝ። በቃ፣ ነገሩ ከመኪናዋ ነው ብዬ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሥሯ ገብቶ መሪውንም የፊት ጎማዎቹንም አየና «ጤነኛ ናት» አለኝ። ጋሽ ታፈረን እንዲሞክሯት ለመንኳቸው። ክር የመሰለ መስመር ነድተው መለሷት። «ምንም የላት» አሉ።

ለእኔ ብቻ የምትታመም መኪና አለች እንዴ? ያኔ ልቤ ክፉ አሰበ። ጋሽ ታፈረ ማሰልጠን ልጀምር ነው ስላቸው «መዝገቡ ምን ጎደለብሽ?» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ግቢ የሚገቡትም እሳቸው ናቸው። ነፋስ ከጎማው ያስተነፍሱ ይሆናል፣ ሞተሩንም ይነካኩ ይሆናል ብዬ፣ ወደ ቤቴ ስሄድ አንዲት የክብሪት እንጨት በኮፈኑ ስንጥቅ ውስጥ ሸጉጬ እሄድ ጀመር። ጠዋት ሳያት ቦታዋ ናት። ልቤ ግን አልተመለሰም፤ ለአቶ አስማረ ነገርኳቸው።

«ማስረጃ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አፍሽን ያዢ።»

አፌን ዘግይቼ ነው የያዝኩት። ወሬው ጋሽ ታፈረ ጆሮ ደረሰ፤ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ።

በዚህ መሐል ሁለተኛ ሠልጣኝ ተሰጠችኝ፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች መምህርት፣ ዘይነባ። እሷ ስትነዳ መኪናዋ ቤተ ክርስቲያኑን በቀኟ ይዛ እንደ ጨዋ ታልፋለች። ያን ጊዜ ጥርጣሬዬን ይበልጣል ላይ አዞርኩት። እኔንም ወደ ግራ እንደወሰደችኝ ረስቼ ሆን ብሎ ነው፣ ሰው አስተምሮት ነው አልኩ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ይበልጣል እየነዳ፣ ዘይነባ ተራዋን ስትጠብቅ ከኋላ ተቀምጣ፣ ያ ቦታ ደረሰ። ቀና ስል አንዲት ገብስ የጫነች አህያ ከፊታችን ቆማለች። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ባለ አህያው ኮፈኑን በዱላው ቆርቆር አደረገና «በመንገዳችሁ ሂዱ እንጂ፤ ይህ የአህያ ነው» ብሎን አለፈ።

ወደ ይበልጣል ዞርኩ። «ማን ነው የላከህ?»

«እኔ ደግሞ እትዬን እንዲጥሉኝ ማን አዘዛቸው እያልኩ ነበር» አለኝ።

ከኋላ ዘይነባ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ምን ያስቅሻል?»

«ሁለታችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እኮ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ እሱም አንገቱን ደፋ፣ አንቺም ደፋሽ። መኪናዋን ለማን ትታችሁ ነው የምትሳለሙት? እኔ ከኋላ በምን ልያዛት?»

 መንገዱ እዚያ ጋ በቀስታ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አንድ «ሰላም ለኪ» እስኪባል ዓይን ከተጨፈነ መኪናዋ ቀጥ ብላ ግራውን ትይዛለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልፍ የምሳለመው እንደዚያ ነው። ጋሽ ታፈረ ግን መሪ ላይ ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ስንቱን ስጠረጥር የራሴን የዓይን ቆብ አልጠረጠርኩም።

ይበልጣልን ማሳመን ቀላል አልነበረም። «እትዬ፣ ዓይን አፍጥጦ መሳለም ነውር አይሆንም?»

«ሰው ገጭቶ መሳለም ይብሳል።»

ሦስቱንም ቀን ዘይነባ ከኋላ ተቀምጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃረብ «ዓይን!» ትለን ነበር። ለሁለታችንም ነው።

ጋሽ ታፈረ ዘንድ ሄጄ ጫማቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«በድዬዎታለሁ ጋሼ።»

«ሰምቻለሁ። ክብሪቷንም አውቃታለሁ። ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ዘይትሽን ሳይ ትወድቅብኛለች፤ መልሼ እሸጉጣት ነበር።»

የፈተናው ቀን ሜዳው ላይ ቆሜ መኪናዋ እስክትመለስ ጠበቅኩ። ይበልጣል ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ፈታኙ ወረቀታቸውን እንደያዙ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«አነዳዱ ደህና ነው፤ አልፏል» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ዓይኑን አፍጥጦ ነው ያለፈው። የየት አገር ሰው ነው?»

«የደብረ ወርቅ ነው። የቆሎ ተማሪ ነበር።»

በጥርጣሬ አዩኝ፤ ፈረሙ።

ዛሬ ለአዳዲስ አሰልጣኞች ቁልፍ የማስረክበው እኔ ነኝ። የምነግራቸው ይህንን ነው፤ ሠልጣኝ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከሳተ፣ መኪናውን ጋራዥ ከመውሰዳችሁ በፊት ከኋላ ሰው አስቀምጡና እናንተ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደምታደርጉ ይይላችሁ።